አፍን ከልሎ የማውራት ጣጣ

በዚያ በደርግ ዘመን ሰው አፉን ከልሎ እንዲያወራ አይመከርም ነበር። አፉን ገልጦ እንዲያወራማ ጭራሽ አይመከርም። ታዲያ እኔን ምን አግብቶኝ ነው በጠራራ ፀሐይ፣ ደሴ ከተማ መሀል፣ አፌን በደብተር ጋርጄ "በሬ! ሎሚ! ሰማይ!" እያልኩ የኋሊት የምራመደው? አትፍረዱብኝ፣ ሥራዬ ነው።

ጆሯቸው የደከመ ልጆች አስተማሪ ነበርኩ። ልጆቹ የመስሚያ መሣሪያ አላቸው፤ ግን መሣሪያው የእኔንም ድምፅ፣ የወንበሩንም ሲጥሲጥታ፣ የጭነት መኪናውንም ጩኸት እኩል አጉልቶ ነው የሚያቀርብላቸው። አንድ ቀን በእርዳታ የተላከ ሳጥን በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርዶ ደረሰልን። ውስጡ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ያለ ሽቦ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ማይክሮፎኑን እኔ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ መቀበያው ከልጁ መስሚያ ጋር ይያያዛል፣ ድምፄ በኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥታ ጆሮው ይገባል። ከዕቃው ጋር ፎርምም መጣ። መቼም ፎርም የሌለበት በረከት የለም! በትክክል መሥራቱ ተረጋግጦ ይሞላ ይላል።

መጀመሪያ የገጠምኩት ለዘይነባ ነው፤ ከቢስቲማ ከተማ የመጣች ልጅ፣ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት። ከንፈር በማንበብ የሚደርስባት የለም፤ አፌን የጋረድኩትም ለዚሁ ነው። ትእዛዜ አንድ ነበር፦ የሰማሽውን ሁሉ ጮክ ብለሽ ድገሚ። እሷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እኔ በመንገዱ እየራቅሁ፣ "በሬ!" ስል "በሬ!" ትላለች፣ "ሎሚ!" ስል "ሎሚ!" ትላለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሃያ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ጀርባዬ ከጠብመንጃ አፈሙዝ ጋር ተላተመ።

የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው። "ወላሂ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ሚስጥር ሲያስተላልፍ ነው የያዝኩት!" እያለ ሁለታችንንም እዚያው አጠገብ ወዳለው ቀበሌ ነዳን። ዘይነባን በር ላይ፣ ስኳር ከሚጠብቀው ሰልፍ ጎን አቆማት። እኔን ወደ ውስጥ አስገባኝ።

ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ከአንገቴ አስፈትተው ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከአፋቸው ሥር አኖሩት፤ እኔን ራቅ አድርገው አቆሙኝ። እያላበኝ አስረዳሁ። "ሞገድ" ስል ግንባራቸው ይባስ ተቋጠረ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ለራሴ ብቻም አይደል፤ ዕቃው ከተወረሰ ዘይነባ ተመልሳ እዚያ ሲጥሲጥታ ውስጥ ልትገባ ነው። ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊያቸው ዘንበል ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። እኔ ባለ ጤነኛ ጆሮው አንዲትም ቃል አልሰማሁም።

ወዲያው ከውጭ ድምፅ መጣ። ዘይነባ የራሷን ድምፅ መጠን ስለማታውቀው ስትጮህ ለጦሳ ተራራ ይተርፋል፦ "የሰውዬው ነገር አልገባኝም! እስኪገባኝ ይታሰር! ይልቅ ስኳሩ ማለቁን ለሰልፈኛው ማን ይንገረው!"

ይኸው ነገረችላቸው። ሰልፈኛው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ነገሩ ሲገባው በሩን ያነቃንቅ ጀመር። ሊቀመንበሩ እኔን አዩ፣ ማይክሮፎኑን አዩ፣ ድምፃቸውን አፍነው "ምን ጉድ ነው!" አሉ። "ምን ጉድ ነው!" አለች ዘይነባ ከውጭ። ያኔ ብድግ ብለው፣ በገዛ እጃቸው ማይክሮፎኑን አንገቴ ላይ መልሰው አጠለቁልኝና፣ "ገብቶኛል፣ ጓድ መምህር፣ በቃ ገብቶኛል! ልጅቱን ይዘህልኝ ሂድ!" አሉኝ።

እፎይ! እግሬ መሬት መርገጡን የተጠራጠርኩት ያን ቀን ነው። ዘይነባ መንገድ ላይ "ጋሼ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድም ቃል አልሳትሽም አልኳት።

ትምህርት ቤት እንደደረስን ፎርሙን ሞላሁ። መጨረሻው ላይ "የመሣሪያውን መሥራት ያረጋገጠ ሌላ ምስክር ካለ ይጠቀስ" ይላል። "የስኳር ሰልፈኛው በሙሉ" ብዬ ፈረምኩ።