የመርፌው አፍ ወደ የት ነበር?

[ጠዋት ነው። በሰሜን ኒውዚላንድ አንዲት ከተማ፣ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸውን በየቤታቸው በማሽን ማጠብ የሚማሩበት ቤት። ዕድሜውን ሁሉ በግ ሲሸልት የኖረው ፒሪፒ የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ታናሽ እህቱ ማራማ ትራስ ይዛ ቆማለች። ከፊታቸው ትንሽ የብረት ጠረጴዛ ላይ ሁለት መርፌዎች በማሸጊያቸው እንዳሉ ተቀምጠዋል። የግድግዳው ሰዓት ከአራት ሰዓት ትንሽ አልፏል።]

ፒሪፒ፦ አላሳርፍም አልኩ፣ አላሳርፍም! ይሄ የራስ ትራስ ነው።

ማራማ፦ ክንድህን አሳርፍበት አልኩህ እንጂ ተቀመጥበት አላልኩህም።

ፒሪፒ፦ ሰው ራሱን በሚያሳርፍበት ላይ ደም ላንጠባጥብ? እናታችን ብትሰማሽ ከመቃብሯ ተነስታ በጥፊ ነበር የምትልሽ።

ማራማ፦ ሰማያዊ ነው እኮ ጋሼ። ነጩ ለራስ፣ ሰማያዊው ለሌላው አካል ብላ ሲስተር ሲና ነግራናለች።

ፒሪፒ፦ እኔ ነጭ ነው የሚታየኝ።

ማራማ፦ መነጽር ስላላደረግክ ነው።

ፒሪፒ፦ ይኸውልሽ! መነጽር ሳላደርግ ነው ደም ሥሬን ልወጋ የነበረው! ጎበዝ ረዳት ነሽ፣ ምስጋና ይግባሽ። ሂጂ ፈልጊልኝ።

ማራማ፦ ግንባርህ ላይ ነው።

[ፒሪፒ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያወርዳል። ትራሱን ያያል። ጠረጴዛውን ያያል።]

ፒሪፒ፦ ያ ደግሞ ምንድን ነው?

ማራማ፦ ዳቦ ነው። ስትጨርስ ትበላለህ ብዬ።

ፒሪፒ፦ ምግብና መርፌ አንድ ጠረጴዛ ላይ! ማን ነው ያሳደገሽ?

ማራማ፦ አንተ።

ፒሪፒ፦ አንሺው! ጠረጴዛው እንደገና ይወልወል። እግሩም ጭምር።

ማራማ፦ [እየወለወለች] ሦስተኛዬ ነው ዛሬ። ክንድህ ላይ የቀባነው ማደንዘዣም ሊለቅ ነው። ሲስተር ሲና ስንት ሰዓት ነው እመጣለሁ ያለችው?

ፒሪፒ፦ አምስት ሰዓት። አጠገቤ ተቀምጠሽ አልነበር? ሁለቱንም መርፌ በገዛ እጄ አስገብቼ ካገኘችኝ፣ ነገ ማሽኑ መኪና ላይ ይጫንና አብሮኝ ወደ አገሬ፣ ሆኪያንጋ ይገባል።

ማራማ፦ ካልገቡስ?

ፒሪፒ፦ ካልገቡ ማሽኑ ለባለ ተራ ይሰጣል። እኔ እዚሁ ከተማ፣ የእህታችን ልጅ ሶፋ ላይ፣ እግሬን ውጭ አሳድሬ እከርማለሁ። አሁን ገባሽ ወይስ ሥዕል ልሳልልሽ?

ማራማ፦ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

ፒሪፒ፦ ኧረ! ለኔ ነው የምትነግሪኝ?

ማራማ፦ እስካሁን ግን አራት ጊዜ ስተሃል አይደል?

ፒሪፒ፦ አልሳትኩም። አንዴ ደም ሥሩ ሸሸ። አንዴ መርፌው ደነዝ ነበር። አንዴ ሲስተር ሲና አስነጠሰች።

ማራማ፦ አራተኛውስ?

ፒሪፒ፦ አራተኛው ሐሙስ ቀን ነበር።

ማራማ፦ አሃ።

ፒሪፒ፦ ምን አሃ ትያለሽ? ይሄ እጅ እኮ አሥር ሺህ በግ የከተበ እጅ ነው! መርፌ የፈራሁ መሰለሽ?

ማራማ፦ ኧረ በጭራሽ። በጎቹ ናቸው የሚፈሩት።

ፒሪፒ፦ አራት ወር! በመሰብሰቢያ ቤታችን፣ እንግዳ በሚቀበሉና ሙት በሚሸኙ ተናጋሪዎች አግዳሚ ላይ፣ የኔን ቦታ አራት ወር ሙሉ ማን እንደያዘው ታውቂያለሽ?

ማራማ፦ ቱፓራ።

ፒሪፒ፦ ቱፓራ! እንግዳ ፊት ቆሞ ትውልዱን ሲቆጥር የገዛ ተራራውን ስም የረሳ ሰው!

ማራማ፦ ድምፁ ግን ጥሩ ነው።

ፒሪፒ፦ የላምም ድምፅ ጥሩ ነው! [ድምፁ ይወርዳል።] ሦስት ቀብር አመለጠኝ፣ ማራማ። ሦስተኛው ዋታ ነው። አርባ ዓመት አንድ በረት ውስጥ አብረን ሸልተናል። ማን ተናግሮ ሸኘው? ቱፓራ። ያውም የሚስቱን ስም አሳስቶ። እኔ እዚህ ቱቦ ተሰክቶብኝ ቴሌቪዥን ላይ የምግብ ውድድር አያለሁ።

ማራማ፦ እንግዲያው ውጋ።

ፒሪፒ፦ እወጋለሁ! አልወጋም ያለ ማን አለ? ግን እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ጸሎት አይጀመርም።

[ዓይኑን ጨፍኖ ያንሾካሹካል። ማራማ ሹራቧን አውጥታ መሥራት ትጀምራለች። የሰዓቱ ቆጣሪ ይሄዳል፣ ይሄዳል።]

ማራማ፦ አሜን።

ፒሪፒ፦ አልጨረስኩም።

ማራማ፦ ቅድም አሜን ብለህ ነበር እኮ።

ፒሪፒ፦ ያ ለማሽኑ ነው። ይሄ ለመርፌው ነው።

ማራማ፦ መርፌው ሁለት ነው።

ፒሪፒ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነገር ተናገርሽ።

[እንደገና ይጨፍናል። ለአምስት ሃያ አምስት ጉዳይ ሲሆን ዓይኑን ይገልጣል። ብድግ ብሎ እንግዳ እንደሚቀበል ቀኝ እጁን ያወዛውዛል።]

ማራማ፦ አሁን ደግሞ የት ልትሄድ ነው?

ፒሪፒ፦ ዝም በይ። እናንተ በፋብሪካ ተቀርጻችሁ ባሕር አቋርጣችሁ የመጣችሁ ሁለት መርፌዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! እኔ የዚያ ተራራ ልጅ ነኝ! የዚያ ወንዝ ልጅ ነኝ! በዚያች ታንኳ የመጡት አባቶቼ...

[ማራማ ሹራቧን አስቀምጣ ትነሳና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዝፈን ትጀምራለች።]

ፒሪፒ፦ ምን ሆነሽ ነው አንቺ?

ማራማ፦ ንግግር ሲያልቅ ሴቶች ተነስተው ይዘፍናሉ። ሥርዓት ነው እኮ ጋሼ።

ፒሪፒ፦ አላለቀማ! ገና ታንኳው ላይ ነኝ! ሳያልቅ የሚዘፈንበት እኮ የሚቀባጥር ሰው ብቻ ነው!

ማራማ፦ ውይ! እሱን እንኳ አላወቅኩም።

[ፒሪፒ ይቀመጣል። መርፌዎቹን ያያል። ወደ በሩ ይዞራል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።]

ፒሪፒ፦ ስሚ። ለምን አንቺ አትወጊኝም?

ማራማ፦ እኔ?

ፒሪፒ፦ መጋረጃውን ሳብ እናደርጋለን። ሲስተር ሲና ስትመጣ መርፌው ገብቷል፣ ክንዴ ላይ ነው። ማን አስገባህ ብላ አትጠይቀውም።

ማራማ፦ እኔ እኮ ምንም አላውቅም ጋሼ። አራት ወር ሙሉ ሹራብ ስሠራ ነው የከረምኩት።

ፒሪፒ፦ አይቻለሁ። ችግር የለም፣ እኔ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ። የምልሽን ብቻ አድርጊ። ጭንቅላትሽን አትጠቀሚ፤ ያው ልማድሽ ነው።

ማራማ፦ እሺ።

[ሁለቱም እጃቸውን ይታጠባሉ። ማራማ ጓንት አጥልቃ ትመጣና የቀኝ ክንዱን ትይዛለች።]

ፒሪፒ፦ ወዴት ነው?

ማራማ፦ ክንድህ ጋ።

ፒሪፒ፦ ሐኪሞቹ ደም ሥሬን ቀጥለው ያወፈሩት የትኛው ላይ ነው?

ማራማ፦ እኔ ምን አውቄ፣ ሁለቱም ያንተ ናቸው።

ፒሪፒ፦ ግራው ነው እንጂ! ይሄ ገመድ የሚያህል ነገር አይታይሽም? ነይ ዳሰሺው። ምን ይላል?

ማራማ፦ ምንም አይልም።

ፒሪፒ፦ እሱ ክርኔ ነው! [ራሱ ይዳስሳል።] እዚህ! እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል፣ ሰማሽ? ካልነዘረ አይወጋም። ካበጠ አይወጋም። ከቀላም አይወጋም።

ማራማ፦ ታዲያ ዛሬ ቀልቷል?

ፒሪፒ፦ [በተስፋ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።] አልቀላም።

ማራማ፦ ውይ፣ ያሳዝናል። ማሰሪያው እዚህ አንገትህ ላይ ነው?

ፒሪፒ፦ ልታንቂኝ ነው እንዴ? አምጪው! [ነጥቆ ክንዱ ላይ በአንድ እጁ ያስራል።] ብብቴ አጠገብ፣ ያዝ ተደርጎ። አሁን በአልኮሉ ይጠረጋል። አንቺ ተይው፣ እኔ እጠርገዋለሁ፤ ቀለም የምትቀቢ ነው የምትመስዪው። እሺ፣ መርፌውን ክፈቺ።

[ማራማ የመርፌውን ክዳን ወደ ጥርሷ ታስጠጋለች።]

ፒሪፒ፦ በጥርስሽ! እህል በሚገባበት አፍ! ወዲህ በይ! [መርፌውን ይቀማታል። ክዳኑን ይነቅላል።] እንዲህ ነው የሚያዘው። በሁለቱ ክንፎቹ።

ማራማ፦ አፉ ወደ ታች ነው አይደል? ቶሎ እንዲገባ።

ፒሪፒ፦ ወደ ላይ! ይሄ ሾጠጥ ያለው የመርፌው አፍ ጣሪያውን ነው የሚያየው! ልንገርሽ አልኩ እንጂ ንገሪኝ አልኩሽ?

ማራማ፦ እሺ፣ እሺ። ቆይ፣ ቆዳውን ልያዝልህ።

[የክንዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ወደ ላይ ታነሳዋለች።]

ፒሪፒ፦ ኧረ! ምን እያደረግሽ ነው?

ማራማ፦ እንደ በግ ነዋ። በግ ስንከትብ ቆዳዋን ቆንጥጠን፣ አንስተን አልነበር የምንወጋት?

ፒሪፒ፦ እኔ በግ ነኝ?

ማራማ፦ አይ፣ በጓ ዝም ትል ነበር።

ፒሪፒ፦ አንቺ ደነዝ! የበግ ክትባት ከቆዳ ሥር ነው የሚቀረው። ይሄ ደም ሥር ውስጥ ነው የሚገባው! ቆዳውን ቆንጥጠሽ ካነሳሽው፣ ደም ሥሩ ከሥር ይንሸራተትና...

[ይቆማል።]

ማራማ፦ ይንሸራተትና ምን?

ፒሪፒ፦ ...ይሸሻል።

ማራማ፦ አሃ።

[ፒሪፒ መርፌውን የያዘውን ቀኝ እጁን ያያል፤ ነፃዎቹ ሁለት ጣቶች ራሳቸው ሳይታወቃቸው የሚቆነጥጡ ይመስላሉ።]

ፒሪፒ፦ አይቆነጠጥም። ይወጠራል። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ።

ማራማ፦ አልገባኝም። ሰው አንድ እጅ ብቻ ይዞ እንዴት ነው የሚወጥረው?

ፒሪፒ፦ በትንሿ ጣት! መርፌውን እንዲህ ይዘሽ፣ በትንሿ ጣትሽ ቆዳውን ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው።

ማራማ፦ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች፣ እንደ ሚስማር?

ፒሪፒ፦ እንደ ሚስማር! ጉድ ነው፣ አናጢ ነው ያመጣሁት! አዘንብለሽ ነው እንጂ። እንዲህ።

ማራማ፦ አላየሁም። እጅህ ከለለኝ።

ፒሪፒ፦ ዓይንሽን ገልጠሽ እይ! አዘንብለሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ ሳታወላውዪም፣ እንዲህ ገፋ...

ማራማ፦ መቼ ነው የሚቆመው? ደም ጣሪያው ላይ ሲረጭ?

ፒሪፒ፦ ምን ይረጫል! ቱቦዋ ውስጥ ቀይ ብልጭ ሲል! ይኸው፣ አየሽ፣ ብልጭ አለ! አሁን መርፌውን ዝቅ... አስተኝተሽ ወደ ውስጥ... በቃ። ማሰሪያው ይፈታል። ፕላስተር! ፕላስተር አቀብዪኝ እንጂ፣ ምን አፍሽን ከፍተሽ ታዪኛለሽ?

[ታቀብለዋለች። አንዱን ከላይ፣ አንዱን አቋርጦ ይለጥፋል።]

ፒሪፒ፦ ይሄ ነው ይሄን ያህል የከበደሽ? አራት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ!

ማራማ፦ አሁን ታየኝ። ክንድህን እየው እስቲ።

[ፒሪፒ ያያል። መርፌው ገብቷል። ቱቦዋ ቀይ ሆናለች።]

ፒሪፒ፦ ማራማ።

ማራማ፦ አቤት ጋሼ።

ፒሪፒ፦ ይሄን ማን አስገባው?

ማራማ፦ እኔ ፕላስተር ነው ያቀበልኩት።

ፒሪፒ፦ አላመመኝም እኮ።

ማራማ፦ ስትናደድ ምንም አያምህም። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ። አራት ጊዜ የሳትከውም እንደ በግ እየቆነጠጥክ ነው። ሲስተር ሲና ነግራህ ነበር፣ «አሥር ሺህ በግ ከትቤያለሁ» አልካት።

ፒሪፒ፦ አንቺ... ታውቂ ነበር?

ማራማ፦ እኔን እኮ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው ላስቲክ ክንድ ላይ ፈትና ያሳለፈችኝ። አንተ ተኝተህ ነበር።

ፒሪፒ፦ ሦስት ሳምንት! እና ለምን አልነገርሽኝም?

ማራማ፦ ብነግርህ «ውጊኝ» ብለህ ታርፍ ነበራ። ሳልነግርህም ብለኸኛል! እኔ የራሴ ቤት፣ የራሴ ሥራ አለኝ። ሆኪያንጋ ከማሽኑ ጋር የምትቀረው ብቻህን ነህ። ሲስተር ሲናም «ይሄ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም፣ ተማሪ ነው የሚያስፈልገው» አለችኝ። ተማሪ ሆንኩልህ።

[ፒሪፒ ይስቃል። ሳቁ መሃል ዓይኑን በትከሻው ይጠርጋል።]

ፒሪፒ፦ ፈርቼ ነበር፣ እህቴ። በጣም ፈርቼ ነበር።

ማራማ፦ አውቃለሁ። ያልፈራ ሰው ለአንድ ጠዋት ሦስት ጸሎት አያደርስም።

ፒሪፒ፦ [ደረቱን እየነፋ] ግን ይኸው! ይሄ ቀን ታላቅ ቀን ነው! ተራራዬ ይስማ! ወንዜ ይስማ! ቱፓራም ካለበት ሆኖ ይስማና ከወንበሬ...

[ማራማ መዝፈን ትጀምራለች።]

ፒሪፒ፦ አላለቀም አልኩሽ እኮ!

ማራማ፦ አዎ፣ አላለቀም።

[ወደ ጠረጴዛው ትጠቁማለች። ሁለተኛው መርፌ እንደታሸገ ነው። ሰዓቱ ለአምስት አሥር ጉዳይ ይላል።]

ፒሪፒ፦ አንዱ... አይበቃም?

ማራማ፦ በአንዱ ደምህ ይወጣል። የሚመለስበት ከሌለ ማሽኑ ደምህን ይዞ ምን ያድርገው?

[የፒሪፒ ፊት ይጠወልጋል። ወደ መርፌው የዘረጋውን እጁን መልሶ ይሰበስባል። ከኮሪደሩ የሲስተር ሲና የእግር ኮቴ ይሰማል። ማራማ ቁጭ ትላለች፤ ሹራቧን ታነሳለች፤ ግንባሯን ትቋጥራለች።]

ማራማ፦ እኔ ግን ጋሼ፣ አሁንም አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። የመርፌው አፍ ወደ የት ነበር? ወደ ታች ነው ያልከኝ አይደል?

[ፒሪፒ አፍጥጦ ያያታል። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር ታየዋለች። ፒሪፒ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሁለተኛውን መርፌ ያነሳል። በሁለቱ ክንፎቹ ይዞ ክዳኑን ይነቅላል።]

ፒሪፒ፦ ወደ ላይ! አንቺ ደነዝ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ወደ ላይ ነው!