የፌርማታው ሕምባሻ

መዋጮ ሰብሳቢ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰው አይኖርበትም ማለት ነው። መንግሥት ይለወጣል፣ የዳቦ ዋጋ ይወጣል፣ መዋጮ ሰብሳቢ ግን ደጃፍ አይስትም። በአስመራ ለማይ ተመናይ ሰፈር ሰዎች የደረሷቸው ክብርት ወይዘሮ ኣረጋሽ ነበሩ፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ የሰው ኪስ ሁሉ ባላደራ።

ይህን ከክፍሉ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ክፍሉ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ ወንደላጤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። «ነገ ከነገ ወዲያ ለምለቀው ከተማ ምን እድር ያስፈልገኛል» ባይ። አንድ ቀን ወይዘሮ ኣረጋሽ ሲመጡ አየና ጸጉር አስተካካዩ ቤት ዘው አለ፤ ፊቱን እስከ ዓይኑ በሳሙና አረፋ አስሸፍኖ ትንፋሹን ዋጠ። እሳቸው በበሩ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ክፍሉ ወደይ፣ ልጄ፣ ጫማህን እኮ ዐውቀዋለሁ» አሉት። ያቺን የታወቀች የ‹አይዞህ› ቃላቸውንም አከሉባት፦ «ኣጆኻ፣ ኪስህን አያምህም።» ከነአረፋው ከፈለ።

ያን ሰሞን የተያዘው ጉዳይ ድንኳን ነበር። የእድሩ አሮጌ ድንኳን በስብሶ፣ ባለፈው ክረምት የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ላይ ዝናቡ በለቀስተኛው አናት ወረደበት። የሚያለቅሰውና የበሰበሰው መለየት አቃተ። ወይዘሮ ኣረጋሽ «ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ዝናብ እየመታው የሚያለቅስ ሰው አይኖርም» ብለው ማሉ። አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ገንዘቡ የለም። ግብዣ ደግሰው እንዳይሰበስቡ፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ቀበሌው ደግሞ «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» ካለ ወራት አልፈዋል።

ክብርትነታቸው አሰቡበት። በከተማው ሰው ተሰብስቦ የማይጠየቅበት ቦታ የአውቶቡስ ሰልፍ ነው። ስለዚህ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ትኩስ ሕምባሻ በነጠላቸው ጠቅልለው ከእድርተኛው ጋር ፌርማታው ላይ ይሰለፋሉ። የሕምባሻው ጨረታ በሹክሹክታ ይካሄዳል። ያሸነፈ ይከፍልና ሕምባሻውን ለእድሩ ይመልሳል፤ ሕምባሻው እንደገና ይሸጣል። አውቶቡስ ሲመጣ ማንም አይሳፈርም። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃው ልጅ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጥቶ፣ «አውቶቡሱ ባዶ ነው፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አላቸው።

«ይሄ ሾፌር ይበራል፣ ወደይ። ፈራነው» አሉት ወይዘሮ ኣረጋሽ። «የሚቀጥለውን እንጠብቃለን።»

ልጁ እውነታቸውን መስሎት ሾፌሩን ገሥጾ ሄደ።

ክፍሉ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ምሳ ሳይበላ የዋለ ዕለት፣ የምር አውቶቡስ ሊሳፈር መጥቶ ተሰለፈ። ሕምባሻው ሸተተው። ዋጋ ጠራ፣ ማንም አልጨመረበትም፣ ከፈለ። ከዚያም በእድሩ ታሪክ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ቆርሶ በላ።

ከኋላው የቆሙት አቶ ኣስገዶም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣ «በላው እኮ» አሉ። የዕለቱ ገቢ እዚያው ቆመ። ክፍሉ የጎረሰውን መዋጥም መትፋትም አቃተው።

«ዋጠው» አሉት ወይዘሮ ኣረጋሽ። «ጣመህ?»

«በጣም፣ ኣደይ» አለ፣ እንደ እናቱ ጠርቷቸው።

«በል እንግዲያ፣ ከነገ ጀምሮ ጨረታውን የምትጠራው አንተ ነህ።»

በማግሥቱ ሕምባሻውን የበላውን ጎጃሜ ለማየት ከከተማው ዳር ከዓዲ ኣበይቶ ድረስ ሰው መጣ። ክፍሉ በሹክሹክታ ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሰዉ እየሳቀ ይጨምራል። ድንኳኑ ክረምቱ ሳይገባ ተገዛ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልበት ክፍሉ ከሥሩ ቆሞ ጣራውን በመዳፉ ሲዳብስ ዋለ። አንዲት ጠብታ አላገኘም።

በዓመቱ ዝውውሩ መጣ። ሲመኘው የኖረ ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ደበቀ። የመሸኛ ግብዣ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ማንንም ላስቸግር አላለም፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ ፌርማታው ወጣ። ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ሰልፉ ማዕዘኑን ታጥፎ ሄዷል። አቶ ኣስገዶም ክራቫት አስረዋል።

ወይዘሮ ኣረጋሽ ትኩሱን ሕምባሻ እጁ ላይ አኖሩለት። ክፍሉ እንደ ልማዱ ዋጋ ጠራ፣ ራሱ አሸነፈ፣ ከፈለና ሕምባሻውን መለሰላቸው። ገንዘቡን ተቀበሉ፣ ሕምባሻውን ወደሱ ገፉት።

«ይሄ አይመለስም። መንገድ ላይ ትበላዋለህ።»

«ገንዘቡስ፣ ኣደይ?»

«ኣጆኻ፣ ኪስህን አያምህም» አሉና ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

አውቶቡሱ መጣ። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ የተሳፈረው ክፍሉ ብቻ ነበር። የቀሩት የሚቀጥለውን እንደሚጠብቅ ሰው እዚያው ቆሙ። እሱም በመስኮቱ እያያቸው ቆርሶ ጎረሰ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን መዋጥ አቃተው።