ከጅቡቲ የመጣው ነጭ እንስሳ

ሰው ስም የሚያወጣው ለሚያውቀው ነው። ለበሬ በቀንዱ፣ ለፈረስ በቀለሙ፣ ለጎረቤት ደግሞ በአመሉ ስም ስናወጣለት ማን ብሎን! ባሕር ላይ ስንደርስ ግን አፋችን ይያዛል። እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች እንኳ፣ ሐይቁ አጠገባችን ተኝቶ፣ ከቆሮሶና ከአምባዛ ወዲያ ያለውን ሁሉ «ዓሣ ነገር» ብለን እናልፈዋለን።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ቶሎሳ ያንን ፍጥረት ይዞ ሲመጣም ስሙን አያውቀውም ነበር። ቶሎሳ የደራ ልጅ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ሰናይት እዚሁ አዳማ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ባሕር ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። አንድ ቀን ከጉዞ ሲመለስ ከኪሱ መዳፍ የሚያህል ነጭ ክብ ነገር አወጣ፤ መሐሉ ላይ ባለ አምስት ቅጠል አበባ የተቀረጸበት።

«እንኪ ቲቸር፣ የባሕር ብስኩት!»

በሠርጓ ቀን እንኳ ፊቷ እንዲያ ሲበራ አላየሁም። «ይሄ እኮ እንስሳ ነው!» አለች። ከዚያማ ማን ያስቁማት? ቆዳቸው እሾሃማ ከሆኑት የባሕር እንስሳት ወገን ነው፤ የባሕር ጃርት የቅርብ ዘመዱ፣ የባሕር ኮከብ የሩቅ ዘመዱ። ፈረንጆች «የአሸዋ ዶላር» ይሉታል። (ፈረንጅ መቼም ክብ ነገር ሲያይ ገንዘብ ይታየዋል።) በሕይወት ሳለ ጠቆር ያለ ነው፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚለሰልስ ደቃቅ እሾህ ለብሶ፣ በዚያው እሾህ እየተራመደ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል። እሾሁ የሚረግፈው፣ ፀሐይም የሚያነጣው ሲሞት ነው።

«ያ ዋቅ! ታዲያ ሬሳ ነው ያመጣሁልሽ?» አለ ቶሎሳ ደንግጦ።

«አጽም ነው» አለችው እየሳቀች።

«እሱም አያምርም። ትምህርት ይዘጋና እዚያው ወስጄሽ ሕያውን አሳይሻለሁ።»

ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከሚሌ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ ቶሎሳ ሞተ።

ሰናይት አላለቀሰችም። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ በቃ። የእኛ ሰው ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሰው እንባ ይመዝናል። አንዷ «ጴንጤ ስለሆነች ነው» ስትል፣ ሌላዋ «የተማረ ሰው ልቡ ደረቅ ነው» ትላለች። እህቷ ብቻ «ውስጧ ገብቶ ይገድላታል» ብላ ትጨነቃለች።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ትኩስ ሻይ ሰጧቸውና፣ አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ ያለው ነጭ ነገር የብርጭቆ ማስቀመጫ መሰላቸው። ብርጭቆውን ጫን አደረጉበት።

ቀጭ አለ።

ሰናይት ተነሥታ ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ሰበሰበችው። ከውስጡ ክንፋቸውን የዘረጉ ወፎች የሚመስሉ አምስት ቁርጥራጮች ወጡ።

«ወፍ ናቸው እንዴ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው።

«አይደሉም ጋሼ፣ መንጋጋዎቹ ናቸው። አፉ ከሥር ነው፤ አሸዋው ላይ ያገኘውን ጥቃቅን ነገር ያኝክባቸዋል...» ተማሪ ፊት የቆመች ያህል ጀመረች። «በሕይወት ሳለ ግን... በሕይወት ሳለ...»

አልጨረሰችውም። «ሊያሳየኝ ነበር እኮ! ሊያሳየኝ ነበር!» ብላ ስብርባሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደቀች። ያ ሁሉ ቀን የት እንደነበረ እንጃ፣ እንባው ወረደ። ሲያሟት የነበሩትም አብረው አለቀሱ።

ጋሽ መኩሪያ በር ላይ ቆመው ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ ይቅርታ ሲለምኑ፣ እህቷ ጉልበታቸውን ስማ «እንኳን ሰበሩት ጋሼ» አለቻቸው።

ምስጋናው አላጽናናቸውም መሰለኝ። አሁንም ሰናይትን ሊጠይቁ ሲመጡ ሻይ ይቀርብላቸዋል፤ ምንም ቢያቃጥላቸው፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ብርጭቆውን ከእጃቸው አያወርዱም።