የጭስ ራሽን

እርስዎ ሰፈር ሁለት ቀን ሠልጥኖ ዓመቱን ሙሉ ሰውን የሚያሠለጥን የለም? እኛ ቡራዩ አለ። አይድከሙ፣ እኔው ነኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሠልጥኜ ከመጣሁ ወዲህ የሰው ምድጃ የማየው በክፉ ዓይን ነው።

ባለፈው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። «ስኳር ከሸማቾች በራሽን እንደምንወስደው ሁሉ፣ ጭስም በነፍስ ወከፍ ሊመደብልን ይገባል» አልኩ። ምርመራውንም ከፊቴ ከተቀመጡት ከኦቦ ቶላ ጀመርኩ። ገፈርሳ ዳር ድንች የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው።

«መኪና አለዎት?»

«የለኝም።»

«ፍሪጅስ?»

«ምን ላስቀምጥበት?»

«አውሮፕላን ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«በላዬ ሲያልፍ አያለሁ።»

«ከሰልስ?» አልኩ፣ አሁን ያዝኳቸው ብዬ።

«እሱ እንግዳ ሲመጣ ነው። ባለፈው አንተ ስትመጣ አቀጣጥለን ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አንተስ ልጄ፣ ድርሻህ ይበቃሃል?»

ከቤቴ እስከ አዳራሹ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መኪናዬ በር ላይ ቆማለች፤ ሁሉም ዞሮ አያት። የመኪናዋን ቁልፍ ቶሎ ኪሴ ከተትኩ። ኦቦ ቶላ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ስኳሩን የማይወስድ ሰው ለጎረቤቱ እንደሚለቀው ሁሉ፣ «የእኔ ይተርፋል፤ ለእሱ ጻፉለት» አሉ።

እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብዬ፣ «ገለቶማ፣ ኦቦ!» ብዬ አመስግኜ ተቀበልኩ።

በመኪናዬ ስመለስ መንገድ ላይ በእግራቸው ሲያዘግሙ ደረስኩባቸው። ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ሰላም እያሉ፣ የሰጡኝን ጭስ አሳለፉት።