ባቡር የሚያስረጀው የጥርስ ሐኪም

በየቤተሰቡ ውስጥ ለአንዲት ትንሽ ነገር ነፍሱን የሰጠ ሰው አይጠፋም። የራሱን መስጠቱ ባልከፋ፤ የእኛንም ካልሰጣችሁኝ ማለቱ ነው ችግሩ። አንዱ እርግብ ያረባል፣ የእያንዳንዷን የዘር ሐረግ ሳትሰሙ አይለቃችሁም። ሌላው አሮጌ ሬዲዮ ይጠግናል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሆዱን ከፍቶ ያሳያል፤ የሬዲዮውን ማለቴ ነው። የእኛ ቤት ዕጣ ለየት ያለ ነው። ለእኛ የደረሰን አዲስ ነገር የሚያስረጅ ሰው ነው።

ይህ ሰው የታላቅ እህቴ ባል ነው። በቤተሰቡ ዘንድ «ክቡርነቱ» ይባላል። «ክቡርነታቸው» እንዳንለው የቤት ሰው ሆነብን፤ በስሙ ብቻ እንዳንጠራው ደግሞ ስለ ዝገት ሲናገር ያየው ሰው አይደፍርም። ሙያው የጥርስ ሕክምና ነው። ቀን ነጭ ካባውን ለብሶ ከሰው ጥርስ ላይ የሻይና የሲጋራ እድፍ ሲፍቅ ይውላል። ሲመሽ ቤቱ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ታካሚዎቹ አይስሙና በዚያው ዓይነት መሣሪያ አዳዲስ የባቡር ሞዴሎችን ሲያቆሽሽ ያመሻል።

ስለ መጫወቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። እሱ ፊት «መጫወቻ» የሚለውን ቃል ያወጣ ሰው ከዚያ ቤት ሳይማር አይወጣም። እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ከፊት ሆኖ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን፣ እስከ ብሎኑ ድረስ አሳንሰው እጅ ላይ የሚያርፍ አድርገው ይሠሩታል። ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ከረሜላ ያብለጨልጫል። እናንተና እኔ ብንሆን ቁምሳጥን ውስጥ በክብር አስቀምጠን እናየው ነበር። ክቡርነቱ ግን ከካርቶኑ አውጥቶ በመብራት ሥር ሲያገላብጠው ፊቱ ይጨፈግጋል። «ይቺ ምንም አልኖረችም» ይላል፣ የታመመ ልጅ ያመጡለት ይመስል። ከዚያ ሊያኖራት ይነሳል።

እንዴት እንደሚያኖራት ልንገራችሁ፤ እኔ ሰምቼ እናንተ የምትተርፉበት ምክንያት የለም። መጀመሪያ የፋብሪካውን ብልጭታ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ እየረጨ ያደበዝዛል። ቀጥሎ ቡናማ ቀለም እንደ ውሃ አቅጥኖ ይቀባና ሳይደርቅ ይጠርገዋል፤ ቀለሙ በየብሎኑ ሥርና በየስንጥቁ ተሸሽጎ ይቀራል። ዝገቱን በቁራጭ ስፖንጅ ነካ ነካ ያደርጋል። በመጨረሻ እንደ ጠመኔ የደቀቀ ዱቄት ቀለም በለስላሳ ብሩሽ ያለብሳል፤ ከላይ ጥቀርሻ፣ ከታች የፍሬን ብናኝና የመንገድ አቧራ። ቡናማ የሚባል አንድ ቀለም አለ ብሎ አያምንም። የትናንት ዝገት ብርቱካን ነው፣ የአምናው የደረቀ ደም ይመስላል፣ የድሮው ወደ ጥቁር ያደላል። ዝናብ ያወረደው ዝገት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንጂ ሰዓሊው ደስ እንዳለው አይጠማዘዝም። «ቆሻሻ ሁሉ ምክንያት አለው» ይላል ጣቱን ቀስሮ። ልጆቹ ይህን አባባል ከለመዱት ወዲህ እህቴ ስለ ካልሲ መቆጣት አቁማለች።

ከእሱ ጋር መንገድ መሄድም ፈተና ነው። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ምሳ ጠርቶን አብረን ሄድን። እኛ ገብተን ተቀምጠን ክቡርነቱ የለም። አለቃዬ ወጥቶ ሲያየው የግቢው በር ሥር ቁጢጥ ብሎ ማጠፊያውን በጣቱ ይዳስሳል።

«ምን ሆነ?» አለው አለቃዬ ደንግጦ።

«እንዴት ያለ በር ነው ያለዎት። እንዲህ ያለ ዝገት በሰው እጅ አይሠራም።»

ከልቡ ነበር ያለው። አለቃዬ ግን ስድብ መሰለው፤ በሳምንቱ በሩን አረንጓዴ ቀለም አስቀባው። ይህን ስነግረው ክቡርነቱ ወዳጅ የሞተበት ያህል አዘነ፣ አለቃዬም እኔን ምሳ መጥራት ተወ።

ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። አክስታችን እነሱ ቤት ለጥቂት ቀን አርፋ በነበረ ጊዜ የሆነውን ስሙ። ሥራ ፈትታ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። እሱ ክሊኒክ፣ እህቴ ገበያ በሄዱበት እሱ የሚሠራበትን የኋላ ክፍል ከፈተች፤ በመደርደሪያው ላይ በአቧራና በዝገት የተበሉ ፉርጎዎች ተደርድረዋል። ሁሉንም አውጥታ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ ፎጣ ላይ አሰልፋ ጠበቀችው። የብዙ ወራት ሥራ ነበር። ክቡርነቱ ገብቶ አየ። አንዱን አነሳና ሥሩን ተመለከተ።

«ምስኪን፣ ጊዜ አጥተህ ነው እንጂ እዚህ ደረጃ አይደርሱም ነበር» አለችው አክስቴ።

«እውነትሽን ነው አክስቴ» አላት። «በደንብ ነው ያጠብሻቸው። ከሥር በኩል እንኳ አልቀረሽም።»

ራት ላይም አንዲት የቁጣ ቃል አልወጣውም። እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት፤ ተመልሶም ከመጀመሪያው ፉርጎ ጀመረ።

አንድ ሰው ብቻ አሸንፎታል፤ አባታችን። አባባ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፣ የምንኖረውም እሳቸውና እኔ አብረን ነው። የነዱበት መስመር ከተዘጋ ቆይቷል። ስለ ሥራቸው ብዙ አያወሩም፣ እኛም አንጠይቅም። ክቡርነቱ ግን የእሳቸውን ሎኮሞቲቭ ዓይነት ሞዴል ፈልጎ ሲያገኝ፣ ሳይነግራቸው ሊያስደስታቸው አሰበ። አቅሙን ሁሉ አፈሰሰባት። ጎኗ ላይ ዘይት አወረደ፣ አፍንጫዋን በጥቀርሻ አጠቆረ፣ በሮቿን አዛገ። አንድ እሁድ እነሱ ቤት ምሳ በልተን እንደጨረስን ጠረጴዛው መሃል አኖራት። እውነት ለመናገር ታስፈራ ነበር፤ ናፍጣዋ የሚሸት ይመስላል።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«የእርስዎ ናት፣ አባባ።»

«የኔ አይደለችም። የኔዋ እንዲህ ሆና አታውቅም።»

«አባባ፣ ሥራ ላይ ያለች ሎኮሞቲቭ እኮ መቆሸሿ…»

«ዶክተር» አሉ በቀስታ፣ «የሰው አፍ ውስጥ ከመግባትህ በፊት እጅህን ትታጠባለህ?»

«እንዴታ፣ አባባ።»

«እኔም እሷን ሳልወለውል ነድቼ አላውቅም።»

መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ኮታቸውን ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ እህቴ በጠራች ቁጥር አንዴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንዴ ሰው ይመጣባቸዋል። እህቴ በሁለቱ መሃል ተጨነቀች።

«አባባን ቆሻሻ ነዎት አልካቸው» አለችው ባሏን፣ እኔ ባለሁበት።

«እኔ ያልኩት ሎኮሞቲቯን ነው።»

«ለእሳቸው ምን ልዩነት አለው?»

ለሁሉም እድፍ ምክንያት የሚደረድረው ሰው ያን ቀን ሎኮሞቲቯን በጨርቅ ሸፍኖ መደርደሪያው ላይ መለሳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባዶ እጁን እኛ ቤት መጣ። አባባ ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«አባባ፣ በድያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንዴት ይወለውሏት እንደነበር ካልነገሩኝ ሌላ ጊዜም ያው ነኝ።»

«በጨርቅ ነዋ» አሉ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ምን ዓይነት ጨርቅ?»

«አሮጌ ቱታ ቀድጄ፣ ናፍጣ ነከር አድርጌ።»

«ከየት ይጀምራሉ?»

«ከፊት። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን ነው።»

«እስከ የት ድረስ?»

«እጄ እስከደረሰበት።»

«ከዚያ በላይስ? ጣሪያውስ?»

ጋዜጣው ወረደ። «ጣሪያ ላይ ልውጣ እንዴ? ጭሱ የሚወጣው በዚያ ነው።»

«እንግዲያው ጣሪያው ጥቁር ነበር።»

አባባ ጋዜጣውን አጠፉት። እኔ እግዜር ያውጣህ አልኩ በልቤ።

«ጣሪያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ከታች ለቆመ ሰው አይታይም።» እንደ ጠበቃ ነበር የተናገሩት፤ ከከንፈራቸው ጫፍ ግን ፈገግታ ሳያመልጣቸው አልቀረም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው። በየትኛው እግርዎ ነበር ወደ ሎኮሞቲቯ የሚወጡት ሲላቸው ተቀምጠው ማስረዳት አቃታቸው። ተነስተው የሳሎኑን በር መቃን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ሲያማቸው የከረመውን ጉልበት ረስተው ግራ እግራቸውን ወደ ሌለ ደረጃ አነሱ። ቀጥለው ወንበር ወደ መስኮቱ ጎትተው በጎን ተቀመጡና ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ። «እንዲህ ነበር የምሄደው» አሉ። ውጭ ውጭውን እያዩም ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ፤ «ለቁርጥራጭ ብረት ሲቆርጧት ናና እያት ብለውኝ ነበር። አልሄድኩም።»

ይህን ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። ክቡርነቱም ለአንድ ጊዜ እንኳ ማስተማር አላማረውም። አጠገባቸው ሆኖ እሱም ውጭ ውጭውን አየ።

የቆሸሸችውን ሎኮሞቲቭ በአልኮል አጥቦ እንደገና ጀመረ፤ የቆሻሻውን ሊቅ አሁን ንጽህና አስቸገረው። ሥራ ቦታዬ እየደወለ ያስጨንቀኝ ጀመር። «አባባ ሲወለውሉ እጃቸው ክብ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ጎን?» ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ ብነግረው አይሰማም። ጠረጴዛ ሲጠርጉ አይተህ ንገረኝ አለኝ። በአባቴ ላይ ሰላይ ሆንኩለት። ክብ ነው።

ይዟት የመጣ ቀን ጠረጴዛ መሃል አላኖራትም። አባባ የተቀመጡበት መስኮት ላይ አኑሯት፣ እህቴና እኔ ወደቆምንበት ፈቀቅ አለ። ጣሪያዋ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ጥቀርሻው አንድ ቁመተ ረጅም ሰው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ወጣ ገባ ባለ መስመር ያበቃል። ከዚያ በታች ንጹህ ናት፤ ግን እንደ አዲስ አይደለም። ቀለሙ ከመወልወል ብዛት ሳስቷል፣ ቁጥሯ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የደረጃዋ ብረት በግራ በኩል ተበልቷል። የእጅ መያዣዎቿ ያበራሉ። በነጂው መስኮት ጠርዝ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ ቀለሟ ተፍቆ ነጭ ብረት ይታያል።

አባባ ጣታቸውን ወደዚያች ቦታ ወሰዱ። «ክርኔ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

ጠጋ ብለው አዩዋት። ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ፣ ጎኗ ላይ እፍ አሉባትና ከቁጥሩ ሥር ወለወሏት። ዱቄቱ ገና የሚያጸናው ቫርኒሽ አልተረጨበትም ነበር። እህቴ ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት፤ በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድ ፉርጎ በጣቷ እንድትነካ ተፈቅዶላት አያውቅም። የክቡርነቱም እጅ ሊከለክል ተነሳ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ወደ ኪሱ ገባ። መሐረቡ ሲነሳ ጎኗ ላይ ክብ የጨርቅ መስመር ቀርቷል።

«እዚህ ጋ ትንሽ ቀርቶህ ነበር» አሉ አባባ። ከዚያም ወደ ውጭ አመለከቱ፤ «አሁን መውጣት ትችላለች።»

ክቡርነቱ ያንን መስመር አልነካውም። እንዳለ ቫርኒሽ ረጭቶ አጸናው፤ እስከ ዛሬም አለ። ስለ እሱ ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ገናም እላለሁ። ሌላ ሰው ግን «ያ አሻንጉሊት የሚያቆሽሸው ሐኪም» ሲል ብሰማ ጠበኛዬ ነው። እሱን ማማት የዘመድ ድርሻ ነው።