እንጆሪ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው

በየሰፈሩ፣ ማሽን ከገዛ በኋላ ለማሽኑ ሥራ ሲፈልግለት የሚኖር አንድ ሰው አለ። ሌላ ከተማ ላይ ይህ ሰው መሰርሰሪያ ይገዛና ጎረቤቱ ያላሰበውን መደርደሪያ ሊሰቅልለት ግድግዳ ሲያንኳኳ ይውላል። እኛ ጅማ ግን ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ሰኞ ለልብስ መስቀያ የተከሉት እንጨት ለጁምዓ ቅጠል አውጥቶ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ አገር ያ ሰው የሚገዛው የሣር ማጨጃ ነው። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ከኋላው ሞተር፣ ከፊቱ ባለ ጥርስ ክብ ምላጭ ያለው። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ቅጠል ሁሉ በሥጋት ያድራል።

የእኛው ክቡር ሙርሺድ ይባላል። በልጅነቱ ከሥልጤ መጥቶ ገበያው ጥግ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር አጠገብ ቤት ሠራ፤ ጎረቤቴም ሆነ። የብየዳ መነፅሩን አጥልቆ፣ ቦት ጫማውን ተጫምቶ፣ የማሽኑን ማንገቻ በደረቱ ላይ አጋድሞ ሲወጣ ጄኔራል ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ልጆች «አባ ጨፌ»፣ የሣር መስኩ ጌታ እንደ ማለት፣ የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። እሱ ደግሞ ማዕረጉን ያለ አንዳች ማመንታት ተቀብሏል።

የለመለመ ነገር ሲያይ ፊቱ ይከፋል። እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና፣ እሱ ራሱ ትንፋሽ ያጠረው ይመስል፣ «ታፍኗል በአላህ» ይላል። «ትንሽ ላስተንፍሰው።»

ትንሽ የሚባል ነገር ግን አያውቅም። የዕድሩን ግቢ ያስተነፈሰ ዕለት፣ ግቢው እንደ አዲስ ምልምል ወታደር ራሱን ተላጭቶ ጠበቀን። ወይዘሮ ብርሃንነሽ በእጃቸው የተከሏት ጤና አዳም የለችም።

«ሣር መስላኝ ነው እማማ።»

«ሣር እንዲህ ይሸታል እንዴ ልጄ?»

«እኔን የሚሸተኝ ቤንዚኑ ነው» አላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ።

አሰንዳቦ ሰርግ የሄድን ጊዜ ደግሞ ሰው ትርፍ ጎማ በሚይዝበት ቦታ እሱ ማሽኑን ይዞ ነበር። ሙሽራው ገና አልደረሰም፤ የሙሽሪት ቤት መግቢያ ላይ ሣሩ ጉልበት ይነካል። ሙርሺድ አየው። ከዚያ ኮቱን አወለቀ። ሚዜዎቹ ሲደርሱ መንገዱ ተከፍቷል፤ ነጭ የለበሰው ዘመድ ሁሉ ግን በአረንጓዴ ተዥጎርጉሯል። ቪዲዮ አንሺው ከሙሽሮቹ ይልቅ እሱን ነው የቀረጸው። ሙሽሪት እስከ ዛሬ ቪዲዮውን ስታይ «ይሄ ሰውዬ በማን ወገን ነው የተጠራው?» ትላለች አሉ።

እኔ በበኩሌ ከሐረግ ወገን ነኝ። በጓሮዬ የዱር እንጆሪ እሾሁን እያስቀደመ አጥሩን ወጥቶታል። ሐረጉ አሮጌዋን የቡና ዛፍ፣ ከረጅም መንገድ እንደተመለሰ ወዳጅ፣ አንገቷን አቅፎ አይለቅም። ማለዳ ጉሙ ከረግረጉ ተነስቶ ይመጣና እዚያ ውስጥ ይጠላለፋል፤ መውጫው የጠፋው ይመስላል። ያን ጊዜ መስኮቱን ከፍቼ አንጎራጉራለሁ፦

እንጆሪ እንጆሪ የጓሮዬ እመቤት፣
እሾህሽ ለሰው ነው፣ ፍሬሽ ለእኔ ቤት።

ሙርሺድ አንድ ቀን ይህን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ራሱን ነቀነቀ። «ግጥሙ ያምራል ሀብቴ። ጓሮው ግን ታፍኗል» አለኝ። ስሜ ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ እሱ ግን የረዘመ ነገር ካየ ሳይከረክም አያልፍም።

በዚህ ዓይነት ዓመት ሊሞላው ሲል የሰፈራችን ሾፌር የሊዮል ባጃጅ መጣች። ሊዮል መንገድ ዳር አቁሟት ሻይ እየጠጣ ሳለ፣ ከሙርሺድ ምላጭ ሥር የተፈናጠረች ጠጠር የፊት መስታወቷን አረገፈችው። ሊዮል ስብርባሪውን በመዳፉ ይዞ የሙርሺድን በር አንኳኳ። በሩን የከፈተችለት አሚራ ናት።

አሚራ የሙርሺድ ሚስት ናት፤ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የየቡ ልጅ፣ ቡና ሥር ያደገች፣ የተናገረችውን የማታጥፍ። ሊዮልን በመልካም ቃል ሸኘችው። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስማ ሙርሺድ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቅሬታ ይዞ ከመጣ ማሽኑ አሰንዳቦ ይሄዳል። ለወንድሜ ለሪያድ።»

«ሪያድ ምን ያደርግለታል? ሣሩን የሚግጡለት ላሞች አሉት እኮ።»

«ይሸጠዋላ።»

ሙርሺድ ማሽኑን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ የቡ ላይ ያለውን ቡናውን እሾህ ውጦታል» አለች፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፍሬው እንጆሪ ውስጥ ይረግፋል፣ ማንም ገብቶ አይለቅመውም። ዘንድሮም ለቀማው እየደረሰ ነው። አንተ ግን የሰውን ሁሉ ደጅ ትላጫለህ።»

 ክቡር ሙርሺድ መነፅሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖረው።

ማሽኑ ኮሪደሩ ላይ አሮጌ አንሶላ ለብሶ ተቀመጠ። ሙርሺድ ሄድ እያለ አንሶላውን ገልጦ ያየዋል፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ወፎቹ፣ ዝናቡ፣ ከሩቅ መስጊድ የሚመጣው አዛን፣ ሁሉም ለየብቻቸው ይሰሙኝ ጀመር። ለእኔ ብጤ ሰው ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። መስኮቴን ከፈትኩ፤ ላንጎራጉር አልኩ። አጥሩ ማዶ ሙርሺድ ቆሞ ጓሮዬን ያያል። «ታፍኗል» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንገቱን ደፍቶ ሊመለስ ዞረ። ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

«ሙርሺድ» አልኩት፣ ምላሴን ማን እንዳዘዘው አላውቅም፣ «እስቲ ይህን ጓሮ አስተንፍስልኝ።»

ፊቱ እንዴት እንደ በራ ብነግራችሁ ግጥም ታደርገዋለህ ትሉኛላችሁ።

ሲሠራ በቅርብ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። እንጆሪን ከሥሩ አይጀምረውም፤ ረጅሙ የእሾህ ክንድ ምላጩ ላይ ተጠምጥሞ ያንቀዋል። ከላይ ይነሳል፤ እየቆራረጠ፣ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ወገቡን ከቀኝ ወደ ግራ ያዞራል፣ አንድ እግር ይራመዳል፣ እንደገና ያዞራል። ጭፈራ ነው። እሾሁ ከፊቱ ይወድቃል፤ አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር በፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከተቆረጠው ሐረግ የሚወጣው ሽታ የልጅነት ጠዋት ነው። ለእንጆሪዬ ላለቅስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከቡናዋ ዛፍ ሥር ሲደርስ ማሽኑ በድንገት ጠፋ።

ሙርሺድ ተንበረከከ። ከምላጩ ላይ ትንሽ ነገር አነሳ፦ ሁለት ክብ፣ የሚያብረቀርቁ ቅጠሎች፣ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰሉ። ከጎኑ ሌላዋ ወድቃለች፤ የበቀለችበትን ፍሬ እንደ ቆብ ደፍታ፣ ቆቧን ሳታወልቅ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡና ነው» አልኩት። «ዛፏ ሥር የበቀሉ። አረሙ ጥላ ይሆናቸዋል ብዬ ትቻቸው ነበር።»

ብዙ ነበሩ። አንድም አልቀረም።

«ወላሂ አላየሁም» አለ። ቅጠሏን መዳፉ ላይ አገላበጣት። «አየህ ሀብቴ፤ የቡ የማልሄደው ለዚህ ነው።»

ማሽኑ ሲጮህ የማትደነግጠው አሚራ፣ ሲጠፋ ደንግጣ መጣች። በአጥሩ ክፍተት ገባች፤ መሬቱን አየች። የየቡ ልጅ ስለሆነች የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። ባሏን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ቅሬታ አለዎት?»

ሙርሺድ ማሽኑን፣ አውቶቡስ ሊሳፈር የደረሰ ልጁን እንደሚይዝ አባት፣ በሁለት እጁ ይዞታል።

«የለኝም» አልኳት። «እዚያ እንዳሉ ሳልነግረው ግባና እጨድ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን የሚነግርሽ ነገር አለው።»

ሙርሺድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሱቅ ውስጥ ብሎን በጨለማ በጣቴ ለይቼ አነሳለሁ» አለ። «ይሄን ግን ከአረም አልለየውም አሚራ። እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ፤ ቡና በጆንያ ነው የማውቀው። አባትሽ አንድ በአንድ ያሳደጉትን በዚህ ምላጭ ባጠፋው የየቡ ሰው ምን ይለኛል? አንቺስ ምን ትይኛለሽ?»

አሚራ ቀና ብላ አየችው።

«ይህን ለመናገር የጅማን ሣር ሁሉ መጨረስ ነበረብህ?»

እኔ አጥር አጥሩን አየሁ። ባልና ሚስት እንዲህ ሲተያዩ ጎረቤት የሚያየው ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

«ቅዳሜ የቡ እንሄዳለን» አለች። «እርስዎም ጋሽ ሀብቴ። ከፊቱ ከፊቱ እየሄዱ ችግኝ ያሳዩታል። አንዲት ችግኝ ከተቆረጠች ማሽኑ ከዚያው አሰንዳቦ ይጫናል። እርስዎ ይለያሉ አይደል?»

«ግጥም ውስጥ እለያለሁ።»

«ቅዳሜ መሬት ላይ ይለያሉ።»

ማሽኑ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ እኛ ከሥሩ ተጭነን፣ ቅዳሜ ማለዳ የቡ ገባን። የአሚራ አባት ቡና የዋንዛና የሰሳ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ቡና መኖሩን ያመንኩት በእሷ ቃል ነው፤ የሚታየው እንጆሪ ብቻ ነበር። እሾሁ በቡናዎቹ ላይ ወጥቶ፣ ሐረጉ በእሾሁ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ በላይ ጉም ተኝቶበታል። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩናል። እውነት ለመናገር፣ ለእኔ ገነት ነበር። የአሚራን ፊት ሳይ ግን አፈርኩ። እሷ የምታየው የጠፋ የአባቷን ቤት ነው።

አጥር ማዶ ገጀራ የያዙ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። አባ ሞጋ ነው የሚባሉት፤ የአባቷ ጎረቤት የነበሩ።

«ይሄ ነገር ቡና ይበላል አሉ» አሉ፣ በገጀራቸው ማሽኑን እያመለከቱ።

«አረም ብቻ ነው የሚበላው አባቴ» አለ ሙርሺድ።

«እሱ ያውቃል?»

ሙርሺድ መነፅሩን አጠለቀ። ማንገቻውን ሁለት ጊዜ አጠበቀ።

እኔና አሚራ በእንብርክክ ገባን። «ሁለት ክብ ቅጠል፣ ውሃ የነካው የሚመስል። ይኸው። ይኸው ደግሞ» እያለች አሳየችኝ። እጄ ተቧጨረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይኔ ለመደ። ችግኝ ሳገኝ እጄን አነሳለሁ፤ ሙርሺድ ጣቱን ከነዳጁ መስጫ ያነሳል፤ ምላጩ ይሰክናል። ዙሪያውን በእጃችን እናጸዳለን፤ እጄን አወርዳለሁ፤ ማሽኑ ይነሳል። ደቦ ላይ የሚዘፈን ዘፈን በማሽን ጩኸት ውስጥ አይሰማም ይላሉ። ስህተት ነው። ማሽኑ በረገበ ቁጥር እኔ እቀበለዋለሁ፦

ቀና በይ ቡናዬ፣ ፀሐዩ ወጣልሽ፣
አማችሽ መጣና ሐረጉን ፈታልሽ።

ችግኝ ሲበዛ ዘፈኑ ይረዝማል፤ አረም ሲበዛ ማሽኑ ያዜማል። አንድ ጊዜ ሙርሺድ አንገቱን በግጥሙ ልክ ሲያወዛውዝ አየሁት። ብርሃኑ ከላይ በቅጠሎቹ መሃል እየተንጠባጠበ ገባ፤ ከእሾሁ ውስጥ ቡናዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ በአረንጓዴ ፍሬ ተጨናንቀው። አንዳንዱ ፍሬ ጉንጩ መቅላት ጀምሯል።

ወንዙ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ጥግ ላይ ስንደርስ፣ እጄን ማውረጃ ጊዜ አጣሁ። ትልቁ ዛፍ ሥር መሬቱ በሙሉ ችግኝ ነው። ሙርሺድ ቆሞ አየ። ማሽኑን አጠፋና ዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ያ ሁሉ ጄኔራልነት በጉልበቱ ወረደ፤ አረሙን በሁለት ጣቱ፣ አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ይነቅል ጀመር። «ይሄ?» ይለኛል። «አረም።» «ይሄስ?» «ቡና።» «ይሄስ?» «ተው እሱን።» ቦት ጫማው ከኋላው ተዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሕፃን ጥፍር የሚቆርጥ ሰው ይመስል ነበር።

ሲያበቃ አሚራ ብቻዋን ከላይ እስከ ታች ዞረች። እኛ ዋንዛው ሥር ቆመን ጠበቅን። አባ ሞጋም አጥራቸው ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሙርሺድ ማንገቻውን ሲፈታ፣ ሲቋጥር፣ ሲፈታ ቆየ። አሚራ እያጎነበሰች፣ እየቆመች መጣች። በጣቶቿ መሃል አንድ የተቆረጠ አረንጓዴ ነገር ይዛለች።

ሙርሺድ ማሽኑን ከቅርንጫፉ አውርዶ ይዘረጋላት ጀመር።

«አረም ነው» አለች፤ ጣለችው።

ከዚያ በተከፈተው ቦታ መሃል ቆመች። ከዚያ ቦታ ሆኖ ወንዙ ይታያል፤ ለካ ድሮም ይታይ ነበር። መሐረቧን አስተካከለች፣ ጊዜ ወሰደችበት።

«ገለቶሚ ሙርሺድ» አለችው፤ በአባቷ ቋንቋ አመሰገነችው። «ሪያድ ነገ ቡናውን ሊያይ ይመጣል። ማሽኑንም አሳየው።»

ሙርሺድ ቀና አለ።

«አሳየው ነው ያልኩህ። ስጠው አላልኩም።»

ከንፈሩ አልሐምዱሊላህ ሲል ታየኝ። አጥር ማዶ አባ ሞጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገጀራቸውን አንስተው ከኋላቸው ያለውን፣ እንጆሪ የዋጠውን የራሳቸውን ቡና አመለከቱ። ሙርሺድ እሳቸውን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ በልመና ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ጉልበቴ ተልጧል፤ እጄ ደምቷል፤ ጆሮዬ ይጮሃል። ከሐረግ ወገን የሆንኩ፣ ጸጥታ ወዳድ ሰው ነኝ።

«ነዳጁ ይበቃናል?» አልኩት።