የመቀናጆ ፍሬን

ሚኪያስ፦ ሲሞቅ ነው የሚይዘው አልኩህ እኮ! ሲሞቅ!

ናሆም፦ ሳይሞቅስ?

ሚኪያስ፦ ታሞቀዋለህ።

ናሆም፦ ፍየል መንገድ መሐል ቆማ ብትጠብቀኝስ? «አንድ ጊዜ ታገሺኝ፣ እያሞቅሁ ነው» ልበላት?

(መርሳ፣ የመካኒኩ የናስር ጋራዥ ደጅ። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና በክሪክ ተነሥታ፣ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ቆማለች። ባለቤቶቿ ሁለት ናቸው። አባቶቻቸው ጉባ ላፍቶ ላይ አንድ አንድ በሬ አምጥተው በመቀናጆ ሲያርሱ ኖሩ፤ ልጆቹ ደግሞ እኩል አዋጥተው ይህችን መኪና ገዙ። ሚኪያስ የማያውቀው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ናሆም ነገር የሚገባው ዘግየት ብሎ ነው። አሁን በሁለት እጁ ሁለት ዓይነት የፍሬን ሸራ ይዞ፣ የትኛው ዲስኩን ጨምቆ ጎማውን እንደሚያቆምለት እያገላበጠ ያያል።)

ሚኪያስ፦ ስማ። ዛሬ ከሰዓት ወልድያ ሜዳ ላይ ጀሪካን ተደርድሮ፣ በጀሪካኑ መሐል እየተጠማዘዝን ከእነ ሄኖክ ጋር የምንወዳደር ሰዎች ነን። ሄኖክ ባለፈው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «መኪናህ ፍሬን የምትይዘው አስባበት ነው» አለኝ። በሰው ፊት!

ናሆም፦ እውነቱን ነው እኮ። ታስባለች።

ሚኪያስ፦ ዝም በል! ለዚህ ነው የውድድር ሸራ የሚያስፈልገን።

ናሆም፦ እኔ ከውድድሩ በፊት እትዬ ጽጌን ወልድያ አደርሳለሁ። ሜላትን ሊለምኑልኝ ለሄዱት ሽማግሌዎች ምን ብለው እንደመለሱ ረሳኸው? «ልጄን ከመስጠቴ በፊት አንድ ቀን በመኪናው ልሳፈርና ጠባዩን ልየው» ነው ያሉት። የሾፌር ጠባይ ደግሞ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው።

ሚኪያስ፦ ታዲያ የውድድር ሸራ ለሴትዮዋ ያንሳቸዋል?

ናሆም፦ ይቀዘቅዝባቸዋል።

ሚኪያስ፦ አቦ፣ ከአንተ ጋር መነጋገር ከድንጋይ ጋር ነው። እስቲ ዲስኮቹን እያቸው። ይሄኛው ድፍን ነው። ይሄኛው የተበሳሳ ነው፤ የተበሳሳው ይሻላል።

ናሆም፦ ድፍኑ እያለ ቀዳዳውን ምን በወጣኝ?

ሚኪያስ፦ ሙቀቱ እንዲወጣበት ነው የተበሳው!

ናሆም፦ ሸራው ሙቀት ይፈልጋል። ዲስኩ ሙቀት ያስወጣል። እነዚህ ሁለቱ ተማክረዋል?

ሚኪያስ፦ ይሄ ሳይንስ ነው።

ናሆም፦ መልስ ሲጠፋህ ነው ሳይንስ የምትለው።

ሚኪያስ፦ በቃ! መኪናዋን በመቀናጆ ገዛናት፣ እንደ መቀናጆ እናድርጋት። የግራው በሬ የኔ፣ የቀኙ ያንተ። እኔ በግራ ጎማ የውድድሩን ሸራ ከባለቀዳዳው ዲስክ ጋር አስገባለሁ። አንተ በቀኝ ጎማ ተራ ሸራህን ከድፍን ዲስክህ ጋር። ግማሿ ለውድድር፣ ግማሿ ለእትዬ ጽጌ።

ናሆም፦ (ፊቱ በርቶ) ይቻላል እንዴ?

ሚኪያስ፦ ለምን አይቻልም?

ናሆም፦ እንዲህ ስታስብማ ጭንቅላትህ ይገርመኛል! ናስር፣ ሰማህ?

(ናስር ሰምቷል። መፍቻውን እግራቸው ሥር አስቀመጠና «እኔ ምሳ ላይ ነኝ፣ ምንም አላየሁም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሰዓቱ ገና ረፋድ ነው። ሁለቱ ራሳቸው አስገብተው፣ ጎማውን አጥብቀው ጨረሱ። ሚኪያስ እጁን ጠርጎ ወደ መሪው ገባ።)

ናሆም፦ ውረድ እንጂ! የምነዳው እኔ ነኝ! እትዬ ጽጌ የሚያዩት የኔን ጠባይ ነው።

ሚኪያስ፦ መሪው በየት በኩል ነው?

ናሆም፦ በግራ።

ሚኪያስ፦ ግራው የማን ነው?

ናሆም፦ (ብዙ አስቦ) ያንተ።

ሚኪያስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግባ በቀኝህ።

(እትዬ ጽጌ ከደጃቸው ተሳፈሩ። ከኋላ ወንበር መሐል ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የናሆምን ወንበር፣ በሌላው የሚኪያስን ይዘዋል። ናሆም እየዞረ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ጥርሱን እንዳመመው ሰው ነው።)

እትዬ ጽጌ፦ ቀስ በሉ ልጆቼ። እኔ መኪና ስሳፈር ሆዴ ቤት ነው የሚቀረው።

ሚኪያስ፦ እኔ እያለሁ አይስጉ እትዬ።

(አህያ መንገድ ገባች። ሚኪያስ ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ አንገቷን ወደ ቀኝ ጠምዝዛ ከአስፋልቱ ወረደችና ከአንዲት ማንጎ ሻጭ ፊት ቆመች።)

እትዬ ጽጌ፦ ውይ! ማንጎ ልትገዙልኝ ነው?

ናሆም፦ አይ እትዬ፣ ፍሬኑ ነው ወደ ቀኝ...

ሚኪያስ፦ (በክርኑ ጎሽሞት) እንዴታ! ባዶ እጅዎን ወልድያ ሊገቡ ነው?

እትዬ ጽጌ፦ አቤት ያሳደገህ! ሳልጠይቅ እኮ ነው! ናሆም፣ አንተ ግን ምነው ዝም አልክ?

(ማንጎ ሻጯ ዓቢዳ ፌስታሉን በመስኮት አስገባች። ናሆም ከፍሎ ፌስታሉን አቀፈ። መኪናዋ ተነሣች።)

ናሆም፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ወደ ቀኝ ትጎትታለች እኮ!

ሚኪያስ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የሚጎትተው ያንተ በሬ ነው። የኔው ገና አልሞቀም።

(ባጃጅ ፊታቸው ገባ። ሚኪያስ እንደገና ረገጠ። መኪናዋ እንደገና ወደ ቀኝ ወረደችና፣ አፍንጫዋን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አድርጋ ቀጥ አለች።)

እትዬ ጽጌ፦ (እያማተቡ) በስመ አብ! «ሳልሳለም ላልፍ ነው» እያልኩ በልቤ ስጨነቅ እንዴት አወቅህ?

ናሆም፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሸራው...

ሚኪያስ፦ (ጎሽሞት) እኔ እትዬ፣ ሳልሳለም አልፌ አላውቅም። ይህች መኪና ያለ እኔ ፈቃድ የትም አትዞርም!

(እትዬ ጽጌ ወርደው፣ በሩን ተሳልመው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተመለሱ።)

እትዬ ጽጌ፦ እንዲህ ያለ ልጅ አለ እንዴ በዚህ ዘመን! አግብተሃል ልጄ?

(ከናሆም እቅፍ አንድ ማንጎ ወደቀ።)

ሚኪያስ፦ እ... እስካሁንስ አላገባሁም።

ናሆም፦ (በሹክሹክታ) ሚኪያስ!

ሚኪያስ፦ (በሹክሹክታ) ጠየቁኝ፣ መለስኩ! ምን ልበል?

ናሆም፦ (በሹክሹክታ) መኪናዋን በግማሽ ነው የያዝከው፤ አማቴን ሙሉ በሙሉ ወሰድካቸው!

ሚኪያስ፦ (በሹክሹክታ) ቆይ፣ የግራውን ላሙቀውና ትስተካከላለች።

(ከዚያ ወዲያ የሚኪያስ እግር ከፍሬኑ ላይ አልተነሣም። ቁልቁለቱን እየረገጠ፣ ሜዳውን እየረገጠ፣ ዳገቱን ሳይቀር እየረገጠ ወጣ። ሲሪንቃ ሲደርሱ በግራ ጎማ በኩል የሚጨስ ሽታ መጣ።)

እትዬ ጽጌ፦ ምንድን ነው የሚሸተው?

ሚኪያስ፦ ሞቀ ማለት ነው! አሁን ፍሬን የሚባለውን ያያሉ እትዬ!

ናሆም፦ እኔስ እስካሁን ያየሁት ይበቃኛል።

(ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። ሚኪያስ ሊያሳያቸው ብሎ ረገጠ። መኪናዋ በዚህኛው ጊዜ ወደ ግራ ተወረወረች፤ አስፋልቱን አቋርጣ አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። መስታወቷ የበሩን መጋረጃ ነካው።)

ባለአረቄዋ ሙሉ፦ (ከውስጥ) ሚኪዬ! ምነው ዛሬስ በጠዋቱ? ያችው ትምጣልህ?

(ናሆም ማንጎዎቹን መቁጠር ጀመረ።)

እትዬ ጽጌ፦ ያለ ፈቃድህ የትም አትዞርም አላልክም?

ሚኪያስ፦ እትዬ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም! ፍሬኑ ነው! የግራው ሸራ ሲሞቅ ከቀኙ በልጦ ያዘና ጎተተን!

እትዬ ጽጌ፦ ቤተ ክርስቲያኑስ ጋ?

ሚኪያስ፦ እ...

እትዬ ጽጌ፦ ቤተ ክርስቲያን አንተ፣ አረቄ ቤት ፍሬኑ?

ሚኪያስ፦ (እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ) እዚያም ፍሬኑ ነው። የቀኙ።

እትዬ ጽጌ፦ ማንጎውስ?

ሚኪያስ፦ ፍሬኑ።

እትዬ ጽጌ፦ ናሆም፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር?

ናሆም፦ ልነግርዎት ስል ይጎሽመኛል። ጎኔ ሳይጠቁር አይቀርም።

እትዬ ጽጌ፦ ለአንዲት መኪና ሁለት ዓይነት ሸራ ያሰበው ማነው?

ሚኪያስ፦ እኔ።

ናሆም፦ «ጭንቅላትህ ይገርመኛል» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ እትዬ። ጥፋቱን ለብቻው አይውሰድ።

(እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ናሆም ያለቀሱ መስሎት ማንጎ አቀበላቸው።)

እትዬ ጽጌ፦ አንተ አዋቂው፣ ከመሪው ውረድ። ናሆም ይግባ። እዚያ ዛፍ ሥር ማንጎአችንን እየበላን ፍሬኑ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በዝግታ ወደ መርሳ እንመለስ። ሁለቱም ጎማ አንድ ዓይነት ይደረግለት።

ሚኪያስ፦ ውድድሩስ? ሄኖክስ?

እትዬ ጽጌ፦ ሄኖክ ከጀሪካኑ ጋር ይዋል።

ናሆም፦ (መሪው ላይ ተቀምጦ) የትኛውን ሸራ እናድርግ እትዬ? የውድድሩን ወይስ የመንገዱን?

እትዬ ጽጌ፦ ሜላት የምትሳፈርበትን።

ናሆም፦ (ብዙ አስቦ) ሜላት ደግሞ የት ልትሄድ ነው?

እትዬ ጽጌ፦ (ወደ ሚኪያስ ዞረው) እስቲ ይህን እንኳ አንተ አስረዳው።

ሚኪያስ፦ አንተ ቤት ነዋ!

ናሆም፦ (ብድግ ብሎ) ዛሬ? ቤቱን እኮ አልጠረግሁም!